ባሕር ከሥሩ ይጀምራል፦ በአክሪሊክ ቀለም ድርብርብ የውኃ ሥዕል አሠራር

መግቢያ

ባሕርን በሥዕል ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በዓይኑ ያላየው ግን ብዙ ነው። በየሻይ ቤቱ ግድግዳ የሚለጠፈውን ፖስተር ማስታወስ ይበቃል። ሰማያዊ ውኃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ጎንበስ ያለ ዘንባባ፣ አንዲት ነጭ ጀልባ። የሥዕል ትምህርት ስንጀምርም «የውኃ ሥዕል ሥሩ» ሲባል አብዛኞቻችን የምንሠራው ያንኑ ፖስተር ነው። ሰማያዊ ቀለም ይጨመቃል፣ ሸራው ይሸፈናል፣ ከላይ ነጭ ነጭ ጣል ጣል ይደረግበታል፤ አለቀ። የወጣው ነገር ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ለመሆን ግን ብዙ ይቀረዋል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ በአክሪሊክ ቀለም ሽፋን በሽፋን ላይ እየደረቡ፣ ገጹንም ሻካራ እያደረጉ የውኃ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ላሳይ የምፈልገው ዋና ነጥብ አንድ ነው። የውኃ ሥዕል ጥልቀትና ክብደት የሚያገኘው ከሥር ከተቀመጡት ሽፋኖች ነው። ሰማያዊው በመጨረሻ የሚመጣ ነው፤ ከሥሩ ምንም ከሌለ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ዋጃ ባሕር አለ እንዴ?

ይህን ጥያቄ ጓደኞቼ ደጋግመው ስለጠየቁኝ መልሱን እዚሁ ላስቀምጠው። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የደጋው ተራራ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በስተምሥራቅ ሜዳው ወደ ዞብል ተራሮች ተዘርግቶ ይታያል። አገሩ የማሽላና የጤፍ ነው። አገራችንም ኤርትራ ነፃ ከወጣችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም።

ይሁን እንጂ አማርኛ «ባሕር» የሚለውን ቃል ለጨው ውኃ ብቻ አልሰጠውም። ትልቅ ሐይቅም ባሕር ይባላል። ባሕር ዳር ስሟን ያገኘችው በጣና ዳር ስለሆነች ነው። ለእኛ ለዋጃዎች ቅርቡ ባሕር ሐሸንጌ ነው። ከዋጃ አላማጣ፣ ከአላማጣ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቶ ኮረም፣ ከኮረም ትንሽ አለፍ ሲሉ በተራሮች የተከበበው ሐይቅ ወለል ብሎ ይታያል። ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝም የለውም። ነፋስ ሲነሳ ፊቱ ይሸበሸባል፤ ደመና ሲያልፍበት መልኩ ይለዋወጣል። ስለ ውኃ ለመማር የሚፈልግ ሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሁለተኛው ውኃችን ጎርፍ ነው። ክረምት ላይ ከምዕራቡ ደጋ እየተንደረደረ ይወርዳል። የራያ ገበሬ ጎርፉን ጠልፎ ማሳውን ያጠጣዋል። ጎርፉ ሲያልፍ ደለል ትቶ ይሄዳል፤ በሚመጣው ክረምት ሌላ ደለል ይደረብበታል። ውኃ እዚህ የግድግዳ ጌጥ አይደለም። በልኩ ከመጣ እህል ነው፤ ከበዛ ማሳና መንገድ ጠርጎ ይሄዳል፤ ከቀረ ደግሞ ምን እንደሚሆን በ1977 ዓ.ም. ቆቦና ኮረም ላይ የነበሩ ታላላቆቻችን ያውቁታል። ለዚህም ነው የውኃ ሥዕል ሲቀልብኝ፣ ማለትም ስስና ባዶ ሆኖ ሲታየኝ፣ ደስ የማይለኝ።

በእረፍት ጊዜ ይዤው የሄድኩትን አንድ የሐሸንጌ ሥዕል አያቴ አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ጎርፍ ነው አይደል? ታዲያ ምን ሰማያዊ አደረገው?» አሉኝ። ሐይቅ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እሱስ ይሁን፤ ውኃ እኮ የመጣበትን አፈር ይዞ ነው የሚመጣው» አሉ። ከዚያ ወዲህ በምሠራቸው የውኃ ሥዕሎች ሁሉ የመጀመሪያው ቀለም የአፈር ቀለም ነው። ምክንያቱን ወደ አሠራሩ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አክሪሊክ ምንድን ነው?

አክሪሊክ ቀለም በዋናነት ከሦስት ነገሮች ይዘጋጃል፤ ከቀለም ዱቄት ወይም ፒግመንት፣ በውኃ ውስጥ ከተበተነ በጣም ደቃቅ የአክሪሊክ ፕላስቲክ እና ከራሱ ከውኃው። ውኃው ሲተን የፕላስቲኩ ቅንጣቶች ይጠጋጉና ይዋሃዳሉ፤ ቀለሙን በውስጣቸው ይዘው አንድ ቆዳ ይሆናሉ። ይህ ቆዳ አንዴ ከደረቀ በኋላ ውኃ አይፈታውም።

ለድርብርብ ሥራ የሚመቸውም በዚህ የተነሳ ነው። በዋተር ከለር ሲሠራ የላይኛው እርጥበት የታችኛውን ቀለም ሊያነሳውና ሊያደፈርሰው ይችላል። የዘይት ቀለም ደግሞ የሚደርቀው ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ስለሆነ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። በስሱ የተቀባ አክሪሊክ ግን ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ለንክኪ ይደርቃል። በአንድ ቀን አምስትና ስድስት ስስ ሽፋን መደረብ ይቻላል ማለት ነው። በውኃ የሚቀጥነው የሠዓሊ አክሪሊክ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከዘይት ቀለም ጋር ሲነጻጸር ገና ልጅ ነው።

ሁለት ጠባዮቹን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ እርጥብ ሳለ ወተት መሰል ነጣ ያለ መልክ ስላለው ሲደርቅ በትንሹ ይጠቁራል። ሁለተኛ፣ ውኃ ከበዛበት የሚያጣብቀው ፕላስቲክ ስለሚሳሳ ሽፋኑ ይደክማል። ቀለሙን በጣም ማቅጠን ሲፈለግ በውኃ ፈንታ ሚዲየም የሚባለውን ቀለም አልባ አክሪሊክ መጨመር ይሻላል።

መደረብ ለእኛ አዲስ አይደለም

ድርብርብ አሠራር ከውጭ ከቀለሙ ቱቦ ጋር አብሮ የመጣ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንና የዘመኑ ሠዓሊያን የእንጨት ሥዕሎቻቸውን የሚሠሩት በእንጨቱ ላይ በቀጥታ አልነበረም። መጀመሪያ ነጭ መሠረት ይቀባል፤ ቀለሙ የሚያርፈው ከዚያ በላይ ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ጨርቅ ተለጥፎ ሥዕሉ በጨርቁ ላይ ይሠራል።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ፤ የቤት ምርጊት። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይቆያል። የመጀመሪያው ምርጊት ሻካራና ወፍራም ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሁለተኛው ለስለስ ያለው ስንጥቁን ይደፍናል። በመጨረሻ ግድግዳው ይለቀለቃል። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ይይዘዋል፤ መጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተለጠፈ ሁለቱም ተያይዘው ይወርዳሉ። እናቶቻችን ይህን የሚያውቁት ኬሚስትሪ ተምረው አይደለም። ቀጥሎ የምዘረዝረው አሠራርም በመሠረቱ ከዚህ ምርጊት የተለየ ሕግ የለውም።

ከዘመናችን ሠዓሊያን

በአክሪሊክ ከሚታወቁት ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን መካከል ሦስቱን ብቻ ላንሳ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1972 ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ፣ ሁለተኛ ዲግሪውንም በ1980 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያገኘ ሠዓሊ ነው። የግዕዝ ፊደላትን እየሰበረ፣ እየገለበጠና እያነባበረ በአክሪሊክ ይሠራል። መሪኮከብ ብርሃኑም በአዲስ አበባ የተማረች የአክሪሊክ ሠዓሊ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ላይ ሥራዎቿ ታይተዋል።

ስለ መደረብ ሲነሳ ግን ጁሊ ምሕረቱን ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዳለች። በብዙ ሥራዎቿ መጀመሪያ የሕንፃ ንድፎችን በቀለም ትሥላለች፤ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ይነፋበታል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከዚያ እንደገና ሌላ መስመር፣ እንደገና ሌላ ሽፋን። በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 የተሰቀሉት ሁለቱ ግዙፍ ሥዕሎቿ እያንዳንዳቸው ቁመታቸው ከ8 ሜትር፣ ወርዳቸው ከ9 ሜትር ይበልጣል፤ ከሥራቸው የአሜሪካ ምዕራብ የመልክዓ ምድር ሥዕሎችና የዘመናችን የረብሻ ፎቶግራፎች አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የጁሊ ሥዕል ሽፋኑ ብዙ ነው፤ ገጹ ግን ለስላሳ ነው። ስለዚህ መደረብና ማወፈር አንድ አይደሉም። መደረብ ለዓይን ጥልቀት ይሰጣል፤ ማወፈር ደግሞ ብርሃንና ጥላ የሚያርፍበት ጎድጓዳና ጉብታ ይሰጣል። ይህን የገጽ ሸካራነት ነው ቴክስቸር የምንለው። የውኃ ሥዕል ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ሊዛባ አይገባም። ጉብታው አስቀድሞ፣ ቀለሙ ተከትሎ ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. መሠረቱ። ወፍራም ሽፋን ከባድ ስለሆነ በሚወዛወዝ ጨርቅ ላይ ከሚሠራ በኮምፔንሳቶ ላይ ቢሠራ ይመረጣል። አቡጀዲ የግድ ከሆነ ጠበቅ ተደርጎ ይወጠር፣ ሽፋኑም ሳሳ ይበል። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ከአቧራ ይጸዳል፣ ከዚያ ነጭ መሠረት ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ አንዱ ቁመቱን፣ ሌላው ወርዱን ተከትሎ።

2. ንድፉ። አድማሱ በማስመሪያ ይሰመር። ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ውኃው በአንድ በኩል የሚፈስ ይመስላል። ሥዕሉን እኩል ለሁለት እንዳይከፍለው ከመሐል ከፍ ወይም ዝቅ ይደረግ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣም አሁኑኑ ይወሰን።

3. ሻካራው አካል። ሞዴሊንግ ፔስት የሚባለው ሊጥ የአክሪሊክ ማጣበቂያና የእብነ በረድ ዱቄት ድብልቅ ነው። በስፓቱላ ይለጠፋል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቅርብ ያለው ይወፍራል፣ ሩቅ ያለው ይሳሳል፣ ሰማይ ላይ ምንም አይለጠፍም። በአድማሱ አጠገብ ስፓቱላው አግድም ይጎተታል። ወደ እኛ ሲቀርብ የማዕበሉን ቅርጽ ተከትሎ ከታች ወደ ላይ ይገፋና ጫፉ ላይ ድንገት ይነሳል፤ ይሄኔ ስለት ያለው ጉብታ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አይለጠፍ። ላዩ ቀድሞ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ልክ እንደ ጭቃው ይሰነጠቃል። በሁለትና በሦስት ዙር ይደረብ፣ በየመሐሉ ይደር።

4. የአፈር ሽፋን። አካሉ ሲደርቅ ሁሉም በቡናማ ይሸፈናል። የአያቴ ጥያቄ ቦታው እዚህ ነው። ነጭ መሠረት ላይ የተቀባ ሰማያዊ እንደ ፖስተሩ ብልጭ ይላል። ቡናማ ላይ የተቀባ ሰማያዊ ግን ይሰክናል፤ በየክፍተቱ ብቅ የሚለው ቡናማ ውኃው ታች አልጋ እንዳለው ይናገራል።

5. ጥቁሩ ሽፋን። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር ቡናማ ሲደባለቁ ጥቁር ለማለት የደረሰ ጥልቅ ቀለም ይወጣል። ቀጠን ተደርጎ ይቀባና ሳይደርቅ ጉብታው በእራፊ ጨርቅ ይጠረጋል። ቀለሙ በጎድጓዳው ይቀራል። በዚህ ደረጃ ሥዕሉ አስቀያሚ ነው፤ አይዞህ፣ አይዞሽ፣ እንደዚያ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ደንግጦ ነጭ ለመጨመር መቸኮል አያስፈልግም።

6. ብርሃን የሚያሳልፉ ሽፋኖች። ብዙ ሚዲየም ውስጥ ጥቂት ቀለም ይጨመራል፤ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሰማያዊ፣ ከአድማሱ በታች ግራጫ ያዘለ። እያንዳንዱ ሳይደርቅ ቀጣዩ አይቀባም። ብርሃን በእነዚህ ሽፋኖች አልፎ ከታች ካለው ቀለም ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። የእውነተኛው ውኃ ጠባይም ይኸው ነው። ውኃ ቀዩን ብርሃን አብልጦ ስለሚውጥ ጥልቁ ሰማያዊ ይመስላል፤ ጥልቀት በሌለው ቦታ ግን የታችኛው አሸዋ ወይም ጭቃ ያሳልፋል፤ በላዩ ደግሞ የሰማዩ መልክ ያርፍበታል። እንግዲህ ሽፋን ስንደርብ የምንቀዳው የውኃውን መልክ ብቻ ሳይሆን ብርሃን በውኃው ውስጥ የሚያልፍበትንም መንገድ ነው። በእኔ እምነት ይህ የአሠራሩ ሁሉ ልብ ነው።

7. ደረቅ ብሩሽ። አረፋ ነጭ የሚመስለው ጥቃቅን የአየር ኳሶች ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነው። ለዚህ ብሩሹ ቀለም ነክቶ በጨርቅ ይጠረጋል፤ የቀረችው ትንሽ ቀለም በጉብታው ላይ በስሱ ይሳባል። ቀለሙ የሚይዘው የጉብታውን ጫፍ ብቻ ነው። የማዕበሉን ቅርጽ ቀድሞ ስፓቱላው ስለሠራው እጃችን እዚህ ብዙ አይደክምም። ንጹሕ ነጭ ብርሃኑ በቀጥታ ለሚመታው ቦታ ብቻ ይቆይ፤ ሌላው አረፋ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ያዘለ ይሁን።

8. መፋቅ። አንዳንዱ ጉብታ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ሲታሽ የታችኛው አፈር ቀለም ብቅ ይላል። በዳርቻው አካባቢ ይህ በብሩሽ የማይገኝ መልክ ይሰጣል። ዱቄቱ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ወይም ወረቀቱን አርጥቦ ማሸት ያስፈልጋል።

9. ማየትና ማቆም። ሥዕሉ ከጎን ብርሃን ሲያገኝ እያንዳንዱ ጉብታ የራሱን ጥላ ይጥላል። ጠዋትና ማታ በመስኮት አጠገብ ይታይ። ቫርኒሽ የሚቀባው ወፍራሙ ክፍል ውስጡ ድረስ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ለዚህ ከሳምንት በላይ መታገስ ደግ ነው።

ቆላና ደጋ

የመማሪያ መጻሕፍት የማይነግሩን ነገር የአየር ጠባያችንን ነው። በዋጃ ሙቀት ቀለሙ ገና ፓሌት ላይ እያለ ይደርቃል። መድኃኒቱ በትንሽ በትንሹ መጭመቅ፣ ውኃ በመርጫ ነፋ ነፋ ማድረግ፣ በየመሐሉም ፓሌቱን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ነው። ነፋሱ አቧራ ስለሚያመጣ እርጥብ ሥዕል ደጅ አይተውም። ሐሸንጌ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው። አየሩ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን የፕላስቲኩ ቅንጣቶች በደንብ አይዋሃዱም፤ ሽፋኑ የደረቀ ይመስላል እንጂ ደካማ ይሆናል። ስለዚህ በማለዳው ብርድ ንድፍና የቀለም ማስታወሻ ይያዛል፤ ቀለሙ ፀሐይ ስትሞቅ ወይም ቤት ተገብቶ ይቀባል።

ቱቦው ከሌለስ?

የሠዓሊ አክሪሊክና ሞዴሊንግ ፔስት ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ዋጋቸው የተማሪን ኪስ ያስጨንቃል። በአካባቢ የሚገኙ አማራጮች አሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው ወሰን አላቸው። የወንዝ አሸዋ ጥሩ ሸካራነት ይሰጣል፤ አፈርና ጨው እንዳይቀርበት ደጋግሞ ታጥቦ፣ ደርቆና ተነፍቶ ከሆነ ነው። የአናጺ ነጭ ኮላ አሸዋውን ይይዛል፤ ተራው ዓይነት ግን ከደረቀ በኋላም ውኃ ሲነካው ሊለሰልስ ስለሚችል ለልምምድ እንጂ ለሚቆይ ሥራ አይመከርም። የግንበኛ ጄሶ በስሙ እንዳያታልለን። ሠዓሊዎች «ጌሶ» ከሚሉት የአክሪሊክ መሠረት የተለየ ነው፤ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ በጨርቅ ላይ ይረግፋል። የአፈር ቀለም ግን ኩራታችን ነው። ቀይና ቡናማ አፈር ቀለሙን የሚያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም። አፈሩ በውኃ ተበጥብጦ አሸዋው ሲዘቅጥ ደቃቁ ይቀዳል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከሚዲየም ጋር ይለወሳል። ለአራተኛው ደረጃ የምጠቀምበት ከጎርፉ በኋላ የሚቀረውን የዋጃ ደለል ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ የትምህርት ክፍል ከምንወጣው መካከል ብዙዎቻችን መምህራን እንሆናለን፤ ቱቦ ቀለም ታይቶ በማይታወቅበት ትምህርት ቤትም እንመደብ ይሆናል። ታዲያ ለልጆቹ የሻይ ቤቱን ፖስተር እንዲገለብጡ ልንሰጣቸው ነው? ድርብርብ አሠራር ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። በአንዱ ሳምንት በካርቶን ላይ አሸዋና ኮላ፤ በሚቀጥለው አፈር፤ በሦስተኛው ጥቁሩ፤ በአራተኛው በደረቅ ብሩሽ ነጩ። መድረቂያው ጊዜ በሳምንቱ ውስጥ አለ። ውኃውንም ከሩቅ አገር መዋስ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀው ወንዝ፣ ኩሬ፣ ወይም አምና የመጣ ጎርፍ አለው፤ ከሥሩ ምን ዓይነት አፈር እንዳለም ከማናችንም በላይ እሱ ያውቃል።